ቤት ውስጥ የሚሰራ ኤሮ ለትራክ ሚያታ፦ ስፕሊተር ይቅደም ወይስ ዊንግ?

ሚያታ_ዘ_ቨርጂኒያ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። መኪናዬ የ1995 ማዝዳ ሚያታ ነች፣ 1.8 ሞተር፣ ሮል ባር (ብትገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ ብረት) አላት፣ ኮይልኦቨር (ቁመቱ የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር) ገብቶላታል፣ ጎማዋ 200 ትሬድዌር (ቶሎ የሚያልቅ ግን በደንብ የሚይዝ) ነው። የምነዳት ሰሚት ፖይንት የሚባለው የውድድር ትራክ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ቪአይአር (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ) ትራክ እወርዳለሁ። ዊንተሩን ጋራዥ ውስጥ ሆኜ መኪናዋን በንፋስ ወደ መሬት የሚጫኑትን የኤሮ ዕቃዎች፣ ማለትም የፊት ስፕሊተር (ከፓራውልቱ ስር ወደ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ሳህን) እና የኋላ ዊንግ (ክንፍ)፣ ራሴ መስራት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የተሰራውን ልግዛ ካልኩ ሁለቱ ተደምረው መኪናዋን የገዛሁበት ዋጋ አካባቢ ሊደርሱ ነው። ስፕሊተሩን ከኮምፔንሳቶ፣ ዊንጉን ከፎምና ከፋይበር ግላስ አስቤያለሁ። ጥያቄዬ ሁለቱንም ባንዴ መስራት ካልቻልኩ የቱ ይቅደም? ደግሞ ዊንጉ የኋላ ኮፈኑ ላይ ቢታሰር ይበቃል ወይ? ጣሪያዋ የጨርቅ ነው፣ ትራክ ላይ አጥፌው ነው የምነዳው። የሰራችሁ ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ጎማ_ይቅደም፦
ብሮ እኔ የምልህ ያንን ብር ጎማና ትራክ ዴይ (ከፍለህ ትራክ ላይ የምትነዳበት ቀን) ላይ አውለው። ሚያታ እኮ 128 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ሰሚት ፖይንት ቀጥታው መጨረሻ ላይ በሰዓት 100 ማይል ብትደርስ ነው፣ ኤሮ ደግሞ ከ100 ማይል በላይ ካልሆነ ጥቅም የለውም። ዊንግ ሰቅለው በሰው መኪና የሚቀደሙ ስንቱን አይቻለሁ። ኢንስትራክተር አስቀምጠህ ብትነዳ የምታገኘው ሰከንድ ይበልጣል።

ላሜራና_ንፋስ፦
ጎማ ይቅደም በሚለው አልከራከርም፣ የፍሬን ፓድና ፈሳሽም ይቅደም፣ ነገር ግን ከ100 ማይል በታች አይሰራም የሚባለው ልክ አይደለም ወንድሜ፣ ቁጥሩን አብረን እንየው። የአየር ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 50 ማይል ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 31 ኪሎ ገደማ ነው፣ 100 ማይል ላይ ወደ 125 ኪሎ። አሁን 1.5 ሜትር ርዝመት 25 ሳንቲም ስፋት ያለው ዊንግ ብትሰራ 0.375 ካሬ ሜትር ነው፣ የማንሳት ኮፊሸንቱን (ቅርፁ ከአየሩ ግፊት ምን ያህል ጭነት እንደሚያወጣ የሚያሳይ ቁጥር) 1.2 ብለን ብንይዝ (ለነጠላ ዊንግ ንፁህ አየር ካገኘ ምክንያታዊ ነው) 100 ማይል ላይ 56 ኪሎ ወደ ታች ይጫናል፣ 75 ማይል ላይ 31 ኪሎ፣ 50 ማይል ላይ 14 ብቻ።

31 ኪሎ ትንሽ ይመስላል፣ ከነሹፌሩ 1050 ኪሎ ለምትሆን መኪና ግን 3 ከመቶ ነው። ጭነቱ ፊትና ኋላ ተመጣጥኖ ካረፈ በኩርባ ላይ ፍጥነት 1.5 ከመቶ ገደማ ትጨምራለህ፣ 75 የነበረው 76 ይሆናል ማለት ነው። 1 ማይል ምን ታደርጋለች እንዳትሉ፣ ሰሚት ፖይንት ኩርባ 10 ላይ ያገኛችኋትን 1 ማይል ቀጥታውን ሙሉ ይዛችኋት ነው የምትሄዱት። ቀጥታው መጨረሻ ኩርባ 1 ላይ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ የመጀመሪያው ቅፅበት ላይ ጎማው ከ5 ከመቶ በላይ ተጨማሪ ክብደት አለው፣ ያኔ ነው ልዩነቱ የሚሰማው።

የሚያስከፍለውም አለ። ዊንጉ ከሚጫነው አንድ ስምንተኛውን ያህል ወደ ኋላ ይጎትታል ብንል 100 ማይል ላይ 7 ኪሎ ነው፣ እሱም ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ይበላል። ከ128 ላይ 4 ይከፈላል፣ በተለይ ኩርባ የበዛበት ትራክ ላይ።

ሚያታ_ዘ_ቨርጂኒያ፦
@ላሜራና_ንፋስ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እንደዚ በቁጥር ያስረዳኝ ሰው የለም። ስለዚ ዊንጉ ይቅደም እያልክ ነው? ኮምፔንሳቶው ግን ቀላል ስለሚመስለኝ ስፕሊተሩን ቶሎ ጨርሼ በመጀመሪያው ትራክ ዴይ በሱ ብቻ ልሄድ ነበር ያሰብኩት።

ላሜራና_ንፋስ፦
ስፕሊተር ብቻውን አድርገህ አትሂድ! ይሄን ከልቤ ነው የምልህ። ፊቱ ተጭኖ ኋላው ባዶ ከሆነ ቀስ ባለ ኩርባ ላይ መኪናዋ ደስ ትላለች፣ መሪው ይታዘዛል፣ ከዛ ያንኑ እምነት ይዘህ ኩርባ 10 ወይም ቪአይአር ሽቅብ የሚወጡት ኤሶች (ግራ ቀኝ የሚታጠፉ ተከታታይ ኩርባዎች) ላይ ስትደርስ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ኋላው እየቀለለ ሄዶ ያሽከረክርሃል። የሚያስፈራው ቀስ ባለው ኩርባ ላይ ምንም ምልክት አለመስጠቱ ነው። ዊንግ ብቻውን ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር ፊቱ ይንሸራተታል፣ መኪናዋ አልታጠፍ ትላለች፣ ጋዙን ስትቀንስ ትመለሳለች። ሰዓት ትበላለች፣ ሰው ግን አትጎዳም።

ደግሞ ዊንግ ከኋላው አክስል ጀርባ ስለሚሰቀል እንደ ማንሻ ነው የሚሰራው። የሚያታ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2265 ሚሊ ነው። ዊንጉ ከኋላ አክስል 90 ሳንቲም ወደ ኋላ ቢሰቀል ያ 56 ኪሎ የኋላ ጎማዎቹ ላይ 78 ኪሎ ሆኖ ያርፋል፣ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 22 ኪሎ ያነሳል። ስለዚ ስፕሊተርህ ምንም ትርፍ ሳያመጣ መጀመሪያ ያንን 22 መመለስ አለበት። አብረው የሚሰሩት ለዚህ ነው፣ አንዱን በአንዱ ነው የምትመዝነው።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ጣሪያ ያጠፈች ሚያታ ላይ ከፊት መስታወቱ አልፎ የሚመጣው አየር ተበጣጥሶ ነው ዊንጉ ጋ የሚደርሰው፣ የዊንጉ መሀል ከሚችለው ትንሹን ብቻ ነው የሚሰራው። ያ ከላይ ያሰላሁት 56 ኪሎ ንፁህ አየር ላገኘ ነው። ሃርድ ቶፕ (ጠንካራ ጣሪያ) ከተገኘ ለዊንጉ ከምታደርገው ነገር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ያገለገለ ፈልግ። ከሌለ ዊንጉን ቢያንስ ከጣሪያ ቁመት እኩል አድርገው።

የጥንት_መካኒክ፦
ልጆች፣ ስለ አስተሳሰሩ የጠየቀ አለና ልመልስ። የኋላ ኮፈን ላሜራ 1 ሚሊ እንኳን አይሞላም። 56 ኪሎ ወደ ታች ብቻ ቢጫነው ይችል ይሆናል፣ ግን እዛ ላይ ያለው ጭነት እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላም እየጎተተ ነው፣ ላሜራው ይታጠፋል፣ ብሎኑ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል። እግሩን ኮፈኑን አሳልፋችሁ ከሻንሲው ጋ እሰሩት፣ ካልተቻለ ደግሞ ከላሜራው ስር 3 ሚሊ ብረት ሰፋ አድርጋችሁ አስገቡና ኮፈኑን ከቦዲው ጋ ተጨማሪ ማሰሪያ አድርጉለት። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ተጠቀሙ። እግሮቹን እርስ በርስ ደግሞ በኤክስ ቅርፅ አገናኙዋቸው፣ አለበለዚያ ወደ ጎን ይወዛወዛሉ።

በ1969 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባርሴሎና ሞንትዊክ ላይ በፎርሙላ 1 የሁለቱም ሎተስ 49 መኪናዎች ዊንግ በአንድ ውድድር ተሰብሮ ሹፌሮቹ ግራሃም ሂልም ዮኸን ሪንትም በአንድ ቦታ ተጋጩ። ዊንጎቹ ረጃጅም ቀጫጭን እግር ላይ ነበር የተሰቀሉት፣ መኪናዋ ጉብታውን ስትዘል ጭነቱ ተለዋወጠና እግሩ ታጠፈ። በሁለት ሳምንቱ ሞናኮ ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ዊንጎች ታገዱ። እነዚያ በዓለም የታወቁ ኢንጂነሮች ነበሩ፣ እናንተም የጋራዥ ስራ ነው ብላችሁ እግሩን አታቅልሉት።

ሚያታ_ዘ_ቨርጂኒያ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እግሩን ከ6 ሚሊ አሉሚኒየም ቆርጬ ከፓራውልቱ ጀርባ ካለው የሻንሲ ጫፍ ጋ ባስረው እርስዎ ምን ይላሉ?

የጥንት_መካኒክ፦
ጥሩ ነው ልጄ። አሉሚኒየሙን ስትቆርጠው ማዕዘኑን ክብ አድርገው፣ ስል ማዕዘን ላይ ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ከእያንዳንዱ ቀን በፊት በእጅህ ይዘህ በኃይል ነቅንቀው፣ መኪናዋ አብራ ካልተነቃነቀች አትውጣበት።

ሻርጃ_ጋራዥ፦
ሰላም ከሻርጃ። እኛ እዚ ዱባይ አውቶድሮም ለሚሄዱ ልጆች ስፕሊተር እንሰራለን። ኮምፔንሳቶ የሚንቁ አሉ፣ እኔ ግን አከብረዋለሁ። 12 ሚሊ በርች ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲሰበር ሌላ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ነው። ጠርዙን በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደነድን ማጣበቂያ) ወይም በቫርኒሽ ሶስቴ ቀብተህ ካልዘጋኸው ግን ውሃ ይጠጣና ያብጣል። አሉኮቦንድ የሚጠቀሙም አሉ፣ ያው አዲስ አበባ ህንፃ ሁሉ የሚለብሰው። ብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል እንጂ 6 ሚሊው በካሬ ሜትር ከ7 ኪሎ በላይ ነው፣ ከኮምፔንሳቶው ብዙም አይለይም፣ ይልቅ በቶሎ ይጎብጣል። መሀሉ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከተጠጋው ይቀልጣል እሳትም ይይዛል፣ ስለዚ ወደ ኋላ አርዝመህ የምትሰራው ከሆነ ከቱቦው አርቀው ሙቀት መከላከያም ልበጥበት።

ከፓራውልቱ ስር እስከ ስፕሊተሩ ያለውን ክፍተት ሳትዘጋ ስፕሊተር ብቻ ብታደርግ ብዙ አይሰራልህም፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ግፊት አምልጦ ይሄዳል። ያቺን ግድግዳ ከምን ትሰራዋለህ ካልከኝ አሜሪካ የግቢ ሳር ጠርዝ ላይ የሚቀበር ጥቁር ፕላስቲክ በጥቅል ይሸጣል አይደል፣ እሱን! ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ኮርብ (የትራኩ ጠርዝ) ስትመታ አይሰበርም። ብዙ የሚያታ ልጆች እሱን ነው የሚጠቀሙት።

ስፕሊተሩ ከፓራውልቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ወደ ፊት ይውጣ፣ ከስር ደግሞ እስከ ፊት ጎማ መሀል ድረስ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ዋናው ስራ የሚሰራው ከስሩ በሚያልፈው ፈጣን አየር ነውና። ማሰሪያው በካቦ ብቻ አይሁን፣ ካቦ ከመውረድ ይይዘዋል እንጂ ከታች ገፍቶ የሚመጣ ነገር ሲመታው ምንም አያደርግም። ዘንግ ይሁን፣ ከሻንሲ ጋ ይታሰር እንጂ ከፓራውልቱ ጋ አይሁን። ሲያልቅ ላዩ ላይ ቁምበት፣ ካልያዘህ አልታሰረም ማለት ነው።

ኢፖክሲዋ፦
ወንዶች ስለ ዊንጉ ፎም ማንም አላነሳም እኮ፣ እኔ ስራዬ ኮምፖዚት ስለሆነ ልጨምር። ያ ሰማያዊ ወይም ሮዝ የግድግዳ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበር ግላሱን የሚያደነድን ፈሳሽ) ካፈሰስክበት አይንህ እያየ ይሟሟል፣ መኪና መጠገኛ ሱቅ በቆርቆሮ የሚሸጠው አብዛኛው ደግሞ ፖሊስተር ነው። ኢፖክሲ ብቻ ተጠቀም። ጓንት አድርግ፣ ጋራዡን ክፍት አድርገው፣ ፎሙን በጋለ ሽቦ ስትቆርጥም ጭሱን አትተንፍሰው። ቅዝቃዜም አለ፣ ቨርጂኒያ ጃንዋሪ ላይ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ኢፖክሲ በደንብ አይደርቅም፣ ፓኬቱ ላይ ያለውን የሙቀት መጠን እይ።

ቅርፁን በተመለከተ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዊንግ ቅርፆች ስብስብ ነፃ ነው፣ ብዙ ሰው ከዛ ኤስ1223 የሚባለውን ቅርፅ ያወርዳል፣ ምክንያቱም በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ ጭነት እንዲሰጥ ነው የተነደፈው። ችግሩ የኋላ ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ በእጅ ለሚሰራ ሰው ጥሩ አይደለም፣ ይሰባበራል ወይም አወፍረኸው ቅርፁን ታጣዋለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወፈር ያለ ቅርፅ ምረጥ፣ ውስጡ የአሉሚኒየም ቱቦ አሳልፍበት፣ የእግሮቹ ብሎን ፎሙን ሳይሆን ከቱቦው ጋ የተያያዘ ብረት እንዲይዝ አድርግ። እና ልፋትህን የታችኛው ገፅ ላይ አድርገው። ዊንግ የሚሰራው በአብዛኛው ከስር በሚፈጠረው መሳብ ነው፣ ስሩ ለስላሳ ይሁን፣ ላዩ ትንሽ ጭረት ቢኖረው ግድ የለም። ለዛ እኮ ነው የውድድር መኪኖች እግሩን ከላይ አምጥተው እንደ ዝይ አንገት የሚያጥፉት፣ የታችኛውን ገፅ ነፃ ለመተው።

መጨረሻ ላይ ጫፉ ላይ ገርኒ ፍላፕ ጨምርበት። የውድድር ቡድን ባለቤቱ ዳን ገርኒ 1971 ላይ ፊኒክስ ቴስት ሲያደርጉ ዊንጉ ጫፍ ላይ ያስቀመጣት ትንሽ ቀጥ ያለች ጠርዝ ነች። ለ25 ሳንቲም ዊንግ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ይበቃል፣ ከብረታ ብረት ሱቅ የምትገዛው ኤል ቅርፅ አሉሚኒየም። በዊንጉ ማዕዘን ከመጨነቅ በሱ ሚዛኑን ማስተካከል ይቀላል።

ሸገር_ቪትዝ፦
ሰላም ሁላችሁም፣ ከአዲስ ነኝ። ቪትዝ አለችኝ፣ ከቻይና የመጣ የኋላ ዊንግ አስገጥሜላታለሁ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳት ምንም ለውጥ አላየሁም። እናንተ የምትሉት ለኛም ይሰራል?

ላሜራና_ንፋስ፦
ወንድሜ በመጀመሪያ ቀለበት መንገድ ላይ አትሞክረው፣ እግረኛ አለ፣ ድንገት የሚሻገር አለ፣ ኤሮ የሚሰራበት ፍጥነት ለከተማ የሚሆን ፍጥነት አይደለም። ሁለተኛ ቪትዝ የምትነዳው በፊት ጎማ ነው፣ ዊንግ ፊቷን ያቀልባታል፣ የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሶስተኛው ደግሞ ከፍታው ነው፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ከ20 እስከ 25 ከመቶ የሳሳ ነው፣ ጭነቱም ጉተታውም በዛው ልክ ይቀንሳል። ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ 2200 ሜትር ምናምን ስለሆነ ፎርሙላ 1 ቡድኖች እዛ ቀስ ባለው ሞናኮ ትራክ የሚሰቀለውን ዓይነት ትልቅ ዊንግ ሰቅለው የሚያገኙት ጭነት ፈጣኑ ሞንዛ ትራክ ላይ በትንሿ ዊንግ የሚያገኙትን ያህል ነው። ራዲያተርህም በዛው ልክ ያነሰ አየር ነው የሚያገኘው፣ ስለዚ አዲስ ላይ ለመኪና ፍቅር ያለው ሰው ገንዘቡን ማቀዝቀዣና ፍሬን ላይ ቢያውል የበለጠ ያገኛል።

ሻርጃ_ጋራዥ፦
ማቀዝቀዣ ካነሳህ ልጠይቅህ፣ እዚ ሰዉ ሁሉ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ኮፈኑን ከኋላ በኩል ዋሸር ደርድሮ ከፍ ያደርገዋል። ይሰራል?

ላሜራና_ንፋስ፦
ቆማ ከሆነ ሙቀቱ ይወጣል፣ ስትሮጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገለበጣል። የፊት መስታወት እግር ስር አየሩ ስለሚጠራቀም ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፣ ዱሮ ጊዜ የአሜሪካ መኪኖች ለካርቡሬተር አየር የሚስቡት ከዛ ነበር። እዛ ስትከፍተው አየር ወደ ሞተር ክፍል ይገባል፣ ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣው አየር መውጫ ያጣል። መውጫ ከፈለክ ከራዲያተሩ ጀርባ የኮፈኑ የፊት ግማሽ ላይ ቅደደው፣ አየሩ በፓራውልቱ ጠርዝ ታጥፎ ኮፈኑ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ዝቅ የሚልበት ቦታ ነው። ከዛ በፊት ግን በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሙሉ በላሜራ ወይ በስፖንጅ ዝጋው፣ የገባው አየር በሙሉ በራዲያተሩ ብቻ እንዲያልፍ። ለሱ የሚወጣው ወጪ ምንም ማለት አይደለም፣ የሚሰጠው ግን ብዙ ነው፣ ፊቱም ላይ ማንሳትን ይቀንሳል።

ጎማ_ይቅደም፦
እሺ ቁጥሩ አሳምኖኛል። ግን የሰራው ነገር መስራቱን በምን ያውቃል? ዊንድ ተነል የለው።

ላሜራና_ንፋስ፦
ይሄ ነው ትልቁ ጥያቄ፣ ጥሩ አደረክ ያነሳኸው። የሱፍ ክር በ10 ሳንቲም በ10 ሳንቲም ቆርጠህ በፕላስተር ዊንጉ ስር፣ ኮፈኑ ላይ፣ የጎን መስታወቱ አካባቢ ትለጥፋለህ፣ ካሜራ ታስራለህ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከተኛ አየሩ ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ ከተርገበገበ ወይም ወደ ፊት ከዞረ ዊንጉ ስቶል አድርጓል (አየሩ ለቆት ጭነቱ ቀንሷል)፣ ማዕዘኑን ቀንስ። ነጠላ ዊንግ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በላይ ሲሄድ እዛ ይገባል፣ መሀሉና ጫፉ ደግሞ እኩል አይሆንም፣ ከጣሪያው ላይ የሚመጣው አየር ወደ ታች ስለሚወርድ መሀል ላይ ያለው ማዕዘን ከጫፉ ይለያል። እሱን ከክሩ ውጪ የሚነግርህ የለም።

ጭነቱን ለማወቅ ደግሞ አሞርዛተር ጋ የሚገባ የርዝመት ሴንሰር ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ካላገኘህ በፓራፋንጎና በጎማ መሀል ያለውን ክፍተት በካሜራ ቅረፅ፣ ቀጥታው ላይ በ60 እና በ95 ማይል ያለውን አወዳድር፣ ፍሬን ወይም ኩርባ የሌለበት ቅፅበት ምረጥ። ሁለቱ የኋላ ሞላዎች ጎማው ጋ ሲለካ ተደምረው በአንድ ሚሊ 6 ኪሎ ቢሆኑ በሁለቱ ፍጥነቶች መሀል ያለው 42 ኪሎ ገደማ ልዩነት ወደ 7 ሚሊ ያወርደዋል፣ ያ በካሜራ ይታያል። ሞላህ በጣም ጠንካራ ከሆነ አይታይም፣ ያኔ ሴንሰር ያስፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ጎማ ሙቀት። ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥክ የትኛው እንደሰራ አታውቅም።

ሚያታ_ዘ_ቨርጂኒያ፦
ከልቤ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እንግዲህ በዚ ቅደም ተከተል ልሄድ ነው፦ መጀመሪያ ሃርድ ቶፕ ፍለጋ፣ ራዲያተሩን መዝጋት፣ ከዛ ዊንጉን በኢፖክሲ ሰርቼ እግሩን ሻንሲው ላይ ማሰር፣ ዝቅ ባለ ማዕዘን። ስፕሊተሩን በኮምፔንሳቶ ቆርጬ አዘጋጀዋለሁ ግን የማስገባው የዊንጉን ክር አይቼ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። ዲፊውዘርስ? የኋላ ፓራውልት ስር የሚገባ ቆንጆ ነገር አይቼ ነበር።

ላሜራና_ንፋስ፦
ዲፊውዘሩን ለጊዜው ተወው። ከፊቱ ያለው የመኪናዋ ስር ለስላሳ ካልሆነ፣ ማርሚታውና አክስሉ ተንጠልጥለው አየሩን ከበጠበጡት በኋላ እዛ ጋ አንድ ሳህን መስቀል ጌጥ ነው የሚሆነው። ሌላው ቅደም ተከተልህ ልክ ነው። ስፕሊተሩን የምታስገባ ቀን መኪናዋን ክሪክ ላይ አታድርጋት፣ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ አንተም ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ሌላ ሰው ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለካልህ። ፍሬን ስትይዝ ፊቷ ይወርዳል፣ ስለዚ ከቆመችበት ቢያንስ 8 ሳንቲም ተውለት፣ ሰሚት ፖይንት ኩርባ 1 ላይ ካልጫረ ቀስ እያልክ ታወርደዋለህ። ዊንጉን ስትቀባው ደግሞ የታችኛውን ገፅ ፎቶ አንስተህ እዚ ላክልን።